ለትንሽ አውሮፕላን የትኛው ሄድሴት ይሻላል?

የአክስቴ ልጅ በቀደም ከባሕር ዳር ደወለችልኝ። የበረራ ትምህርት ልትጀምር ነው። የሚያስፈልጋት ዕቃ ዝርዝር ተሰጥቷታል። ሄድሴት፣ ማለትም አብራሪ ጆሮው ላይ የሚደፋው ባለ ማይክ ማዳመጫ፣ የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች። «አሜሪካ ያለው አጎታችን እልክልሻለሁ ብሏል። ግን የ150 ዶላርም አለ፣ የ1,200 ዶላርም አለ። ጆሮ ላይ የሚደፋ ነገር አይደል እንዴ? ልዩነቱ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«በስልክ አያልቅም፤ እጽፍልሻለሁ» አልኳት። ይኸው ጻፍኩ። እንደሷ ለሚጠይቁ ሌሎችም ይሆናል ብዬ ትንሽ ሰፋ አድርጌዋለሁ።

አስቀድሜ አቋሜን ልናገር። እኔ ስጀምር የጠየቅኩት ሰው «ውዱን ግዛ፣ አትጸጸትም» አለኝ። ገዛሁ። ተጸጸትኩ። ሄድሴቱ ግሩም ነበር። ግን ዓመት ሳይሞላው ገመዱ መሃል ያለችው የመቆጣጠሪያ ሳጥን ሞተች። ዋስትናው አላለቀም፤ የሚሠራው ግን ባሕር ማዶ ነው። የሚወስድልኝ መንገደኛ እስኪገኝ፣ ተጠግኖ እስኪመለስ፣ አራት ወር ሙሉ የሰው ሄድሴት እየለመንኩ በረርኩ። ስለዚህ የኔ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። አንደኛ ጭንቅላትሽ ላይ መግጠሙ። ሁለተኛ እዚሁ መጠገን መቻሉ። ቴክኖሎጂው ሦስተኛ ነው። በዚህ የማይስማሙ ብዙ አብራሪዎች አሉ። ከነሱም አንዳንዶቹ ጓደኞቼ ናቸው።

መጀመሪያ ጩኸቱን እንወቀው

ደንበጫ ያደግነው ከዲዝል ወፍጮ ጀርባ ነው። ባለወፍጮው ገና በአርባዎቹ ሳሉ ሰላም ስንላቸው ዓይናችንን ሳይሆን አፋችንን ያዩ ነበር። ልጆች ሆነን ኩራት ይመስለን ነበር። ለካ ከከንፈራችን እያነበቡ ነው። ጆሯቸው በአንድ ቀን አልሄደም። ከጤፉ ጋር በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ተፈጨ።

የትንሽ አውሮፕላን ኮክፒት (የአብራሪው ክፍል) ከዚያ ወፍጮ ቤት ብዙም አይሻልም። ጩኸቱ እንደ ሞተሩና እንደ ዕድሜው ከ85 እስከ 100 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ይደርሳል። ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም የሚመክረው ጣሪያ 85 ዲሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዲሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ሴስና 172 በተባለችው ትንሽ አውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል። ኮክፒቱ 94 ዲሲቤል ከሆነና ጆሮሽ ባዶ ከሆነ፣ ዓባይን ተሻግረሽ ብዙም ሳትርቂ የቀኑን ድርሻሽን ጨርሰሻል ማለት ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ጸጉር መሰል ሕዋሳት ደግሞ በሰው ላይ አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

ዋናው ቁም ነገር ግን መጠኑ ብቻ አይደለም፤ ዓይነቱም ነው። ኮክፒት ውስጥ ሁለት ዓይነት ጩኸት አለ። አንዱ ቀጭኑ ነው፤ የነፋሱ ፉጨት፣ የሞተሩ ጥርስ የሚያስነክስ ሲጥታ። ሌላው ወፍራሙ ነው። ሴስና 172 ላይ ሞተሩ በደቂቃ 2,400 ዙር ቢዞር፣ በሰከንድ 40 ዙር ነው። ፕሮፔለሩ ሁለት ክንፍ ስላለው በሰከንድ 80 ጊዜ አየሩን ይመታል። ካራቫን በተባለው አውሮፕላን ላይ ፕሮፔለሩ ባለ ሦስት ክንፍ ነው። በ1,900 ዙር 95 ምት ይሆናል። ይህ ከጆሮ ይልቅ ደረት የሚሰማው ድምፅ ነው።

ወፍራም ድምፅ ደግሞ ግድግዳ አይበግረውም። ጎረቤት ሰርግ ያለ ጊዜ አስቢው። ዘፋኙ ምን እንዳለ አይሰማሽም። ከበሮው ግን አልጋሽ ድረስ ይመጣል። የሄድሴት ምርጫ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ተራው፣ ማለትም ፓሲቭ

ፓሲቭ የምንለው ባትሪ የሌለው ነው። ጠንካራ ጽዋ፣ ውስጡ ስፖንጅ፣ ዙሪያውን ትራስ፣ ከላይ ጨምቆ የሚይዝ ቅስት። በቃ። ጆሮሽን ቤት ውስጥ ዘግቶ ማስቀመጥ ነው። ቀጭኑን ጩኸት በደንብ ያስቀራል። ወፍራሙ ግን እንደ ሰርጉ ከበሮ ያልፋል።

በዚህ ወገን ዓለም የሚያውቀው አረንጓዴው ዴቪድ ክላርክ ነው። ሞዴሉ ኤች10-13.4 ይባላል። በድምፅ ቅነሳ መለኪያ 23 ዲሲቤል ተጽፎበታል። ዋጋው ወደ 400 ዶላር ይጠጋል። ቅርጹ ለዓመታት ብዙም አልተለወጠም፤ የሚወደድበትም ምክንያት ይኸው ነው። ማይኩ፣ ገመዱ፣ ትራሱ፣ የራስ ንጣፉ ሁሉ ተፈትቶ ይቀየራል። የሚያስፈልግሽ ጠመንጃ መፍቻ ነው። በነገራችን ላይ ኩባንያው ለጠፈርተኞችም ልብስ ሠርቷል። ኤድ ዋይት እንደ ፈረንጆቹ በ1965 ከጄሚናይ መንኮራኩር ወጥቶ ሕዋ ላይ ሲንሳፈፍ የለበሰው የነሱን ነው። ለሄድሴት ምርጫሽ ምንም አይጠቅምሽም፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል።

ጉድለቱ ክብደቱና ጭመቃው ነው። ግማሽ ኪሎ ሊጠጋ ምንም አይቀረው። የመጀመሪያው ሰዓት ቀላል ነው። ሁለተኛው ላይ አናትሽ በጠፍር የታሰረ ይመስልሻል። ከ150 እስከ 200 ዶላር የሚሸጡ ርካሽ ፓሲቮችም አሉ። ለተሳፋሪ ይሆናሉ። ለየቀን ሥራ ግን አልመክርም። ትራሳቸው ቶሎ ይደርቃል፤ ማይካቸውም ያስቸግራል።

ፓሲቭ ላላት ሰው አንድ ምስጢር ልንገርሽ። ፋርማሲ ወይም የፋብሪካ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ የምታገኚውን ስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ ከሥሩ አድርጊ። በጣትሽ ጠቅልለሽ አቅጥኚው። በሌላ እጅሽ ጆሮሽን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገሽ አስገቢው። እስኪነፋ ያዥው። ከዚያ ሄድሴቱን ደፍተሽ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ ማድረግ ነው። ሬዲዮው በመድፈኛው አልፎ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ሞተሩ ይርቃል። ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ ቢበልጥ ነው።

ባለ ባትሪው፣ ማለትም ኤኤንአር

ጣና ላይ ታንኳ ላይ ተቀምጠሽ ታውቂ የለ? ሞተር ጀልባ ሲያልፍ ማዕበል ይመጣል። ያ ማዕበል ከፍ በሚልበት ቅጽበት፣ ልክ በዚያው ልክ ዝቅ የሚል ሌላ ማዕበል ቢመጣ ውሃው ዝም ይላል። ኤኤንአር የሚያደርገው ይህንን ነው። ጽዋው ውስጥ ትንሽ ማይክ አለች። የሚመጣውን ድምፅ ትሰማለች። ሄድሴቱ ወዲያው ተቃራኒውን ያሰማል። ሁለቱ ይጠፋፋሉ።

ይህ ዘዴ ጥሩ የሚሠራው ዝግ ባለና በሚደጋገም ድምፅ ላይ ነው። ማለትም በዚያ ወፍራሙ ላይ። ቀጭኑ ፈጣን ስለሆነ አይደርስበትም፤ እሱን አሁንም ጽዋው ራሱ ነው የሚያስቀረው። ስለዚህ ኤኤንአር የፓሲቭ ተቃራኒ አይደለም። ፓሲቭ ላይ የተጨመረ ነገር ነው። ትራሱ ካልገጠመ ኤሌክትሮኒክሱም አያድንሽም።

ሐሳቡ ያረጀ ነው። ጳውል ሉግ የሚባል ጀርመናዊ በ1930ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። የቦዝ ኩባንያ መሥራች አማር ቦዝ በ1978 ከዙሪክ ወደ ቦስተን ሲበር የአየር መንገዱ ማዳመጫ በጩኸቱ ተውጦበት እዚያው መቀመጫው ላይ ስሌት ጀመረ ይባላል። በ1986 ቮዬጀር የተባለችው አውሮፕላን ሳታርፍ፣ ነዳጅም ሳትሞላ ዓለምን በ9 ቀን ስትዞር ሁለቱ አብራሪዎች የቦዝን የሙከራ ሄድሴት ይዘው ነበር። ገበያ ላይ የወጣው በ1989 ነው።

ዛሬ ከሚነሱት ስሞች አንዱ ቦዝ ኤ20 ነው። በ2010 ወጣ። 340 ግራም ብቻ ነው፤ ከአረንጓዴው ጋር ስታነጻጽሪው አናት ላይ ያለ አይመስልም። በ2023 በኤ30 ተተክቷል፤ አዲሱ ከ1,200 ዶላር በላይ ነው። ያገለገለ ኤ20 ግን አሁንም ይገኛል። ሌላው ላይትስፒድ ነው። ዙሉ 3 የሚባለው ጠንካራ ነው። ዴልታ ዙሉ ደግሞ ከ1,000 ዶላር በላይ ሆኖ አንድ ልዩ ነገር አለው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለካል።

በዚህች ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ አገር ክረምት በመጣ ቁጥር ቤት ዘግቶ ከሰል አንድዶ የተኛ ሰው ሳይነቃ መቅረቱን እንሰማለን። የሚገድለው ጋዝ ያው ነው። አይታይም፣ አይሸትም። በብዙ ባለ ፒስተን ትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ የኮክፒቱ ማሞቂያ ሙቀቱን የሚወስደው ከጭስ ማውጫው ዙሪያ ነው። ማውጫው ከተሰነጠቀ ጭሱ ከሙቀቱ ጋር ይገባል። ጠዋት ጮቄ አካባቢ ብርዱ አጥንት ሲሰብር ማሞቂያ የማይከፍት ማን አለ? ስለዚህ ነገሩ ቅንጦት አይደለም። ግን ለብቻው የሚሸጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያም አለ፤ በጣም ይረክሳል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ይለጠፋል። ለዚህ ብለሽ ብቻ ሄድሴት አትለውጪ።

ባትሪው ሌላ ጣጣ ነው። ብዙዎቹ ሁለት ደብል ኤ ድንጋይ ይበላሉ። 40 ሰዓት እና ከዚያ በላይ ይሄዳሉ ይላል ወረቀቱ። ወረቀቱ የሚለው ግን ስለ ደህና ድንጋይ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ከመነሳቴ በፊት ከመንገድ ዳር ሱቅ አዲስ ጥንድ ገዛሁ። የታሸገ፣ የሚያብረቀርቅ። ደብረ ማርቆስን አልፌ ጮቄን በስተቀኜ እንዳደረግሁ የመቆጣጠሪያ ሳጥኗ መብራት ቀላች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጩኸቱ በአንዴ ተመልሶ መጣ። ሞተሩ የፈነዳ ነበር የመሰለኝ። እጄ ሳላዘው ስሮትሉን (የሞተሩን ጉልበት መቆጣጠሪያ) ያዘ። ዓይኔ መለኪያዎቹን ዞረ፤ ሁሉም ቦታቸው ናቸው። ሬዲዮው ይሠራል፤ ሄድሴቱ ፓሲቭ ሆኖ ነው የቀረው። ግን ልቤ እስከ ባሕር ዳር ቦታዋ አልተመለሰችም። ከዚያ ወዲህ መለዋወጫ ጥንድ ከደረት ኪሴ አይጠፋም። ድንጋዩን የምሞክረውም ቤቴ፣ በእጅ ባትሪ ነው።

ሞተሩን አልሰማም ብለሽ ከሆነ

የድሮ አብራሪዎች «ኤኤንአር ሞተሩን ይደብቅብሃል» ይላሉ። ነገሩ በጣም ቀላል ተደርጎ የሚታለፍ ስላልሆነ ልንገርሽ።

ዘንድሮ ደንበጫ ስሄድ ለባለወፍጮው አንድ ካርቶን የጆሮ መድፈኛ ወሰድኩላቸው። አሳየኋቸው። አደረጉት። ሳቁ። ከሰዓት ስመለስ አውልቀው መስኮቱ ላይ ደርድረውታል። «ጋሼ፣ ምነው?» አልኳቸው ጮክ ብዬ። «ልጄ፣ ድንጋዩ ሲላላ እኔ በድምፁ ነው የማውቀው» አሉኝ። የቀረችው ጆሯቸው የምትሠራው ለዚያ ብቻ ነው።

አብራሪም እንደዚያው ነው። ሞተር ሲያስል ከመርፌው በፊት ጆሮ ይሰማል። የኔ ልምድ ግን ይህን ነው የሚለው፦ ኤኤንአር የሚያጠፋው ሳያቋርጥ የሚጎረብጠውን ጉምጉምታ ነው። ለውጥን አያጠፋም። ሞተሩ ዙር ሲጥል ጸጥታው ውስጥ ስለሆነ እንዲያውም ይበልጥ ይሰማኛል። የሚለየው ቃናው ነው። ፓሲቭ ላይ የተማረ ሰው ኤኤንአር ሲያደርግ ሞተሩን እንደ አዲስ መልመድ አለበት። ለዚህ ነው ተማሪ ከአንዱ ወደ ሌላው በየሳምንቱ ባይዘዋወር የምለው። በአንዱ ልመጂ።

ጆሮ ውስጥ የሚገባው

ክላሪቲ አሎፍትን የመሰሉ አሉ። ስፖንጅ ጫፋቸው ጆሮ ውስጥ ይገባል፤ ከላይ ምንም አይጫንም። በሙቀት ቀን ገነት ናቸው። ባትሪ የላቸውም፤ ግን ልክ እንደ መድፈኛው በትክክል ካልገቡ ዋጋ የላቸውም። ቦዝ ፕሮፍላይትን የመሰሉት ደግሞ ጸጥ ላለ ኮክፒት፣ በተለይ ለጄት የተሠሩ ናቸው። ለባለ ፒስተን አውሮፕላን አትግዢያቸው። ጀማሪ ከሆንሽ ይህን ወገን ለጊዜው እለፊው፤ አስተማሪሽ በደቂቃ አሥር ጊዜ ሲያናግርሽ ጆሮሽን ማስተካከያ ጊዜ የለሽም።

ጸጉርና መነጽር

ይህን ክፍል የትም ካታሎግ ላይ አታገኚውም። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ሁልጊዜ ጸጉሩ አጭር ነው።

ትራሱ የሚዘጋው ከቆዳሽ ጋር ሲገናኝ ነው። መሃሉ ላይ የሚገባ ማንኛውም ነገር በር ይከፍታል። ሹሩባ ከተሠራሽ፣ በተለይ ከጆሮሽ በላይና በስተኋላ ወፍራም ጉንጉን ካለ፣ በሁለቱ ጉንጉን መሃል አየር ያልፋል። ቀጭኑ ጩኸት በዚያ ይገባል። ኤኤንአርም ግራ ይጋባል፤ አንዳንዴ እንደ መንፋት ያለ ድምፅ ያሰማል። አፍሮም ቢሆን ጽዋውን ገፍቶ ያርቀዋል። ሻሽ ከሥሩ ማሰርም እንዲሁ።

መነጽር የሚያደርግ ሰው ደግሞ እጀታው ቀጭን ሽቦ የሆነውን ይምረጥ። ወፍራም ፕላስቲክ ከሆነ ሁለት ጥፋት ነው፤ ጩኸት ያስገባል፣ ከሰዓት በኋላም ጆሮ ግንድሽን ይወጋሻል። እዚህ ላይ የጄል ትራስ ከስፖንጅ ትራስ ይሻላል፤ እጀታውን ዙሪያውን አቅፎ ይዘጋል። በብርድ ጠዋት ጉንጭ ላይ እንደ በረዶ መሆኑን ግን ቻይው። ዓባይ በረሃ ላይ ደግሞ ያልባል። ከላይ የሚለበስ ጨርቅ ሽፋን ይሸጥለታል።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ሞተር በተነሳበት አውሮፕላን አጠገብ ሳይሆን ውስጥ ሆነሽ ሄድሴቱን አድርጊ። ጽዋውን በሁለት ጣት ቀስ ብለሽ ወደ ጭንቅላትሽ ጫን አድርጊው። ጩኸቱ ጉልህ ሆኖ ከቀነሰ አልገጠመም ማለት ነው። ምንም ለውጥ ካልሰማሽ ገጥሟል። ሱቅ ውስጥ ጸጥታ ላይ ሁሉም ሄድሴት ይመቻል፤ አትሸወጂ።

ሶኬት

እዚህ ላይ ስንት ሰው ተሸውዷል። የተለመደው ትንሽ አውሮፕላን ሁለት ሶኬት አለው፤ ወፈር ያለው ለጆሮ፣ ቀጠን ያለው ለማይክ። የሄሊኮፕተሩ አንድ ነው። ከአውሮፕላኑ መብራት የሚወስድ ባለ ስድስት ፒን ክብ ሶኬትም አለ፤ ሌሞ ይሉታል። አጎታችን ርካሽ አገኘሁ ብሎ የሄሊኮፕተር እንዳይልክልሽ። የምትማሪበትን አውሮፕላን ሶኬት በስልክሽ ፎቶ አንሺና ላኪለት። ሙዚቃ የምትሰሚበት ድምፅ ቀናሽ ማዳመጫም አይሆንም፤ ማይኩም ሶኬቱም የዚህ አይደለም።

ማይኩን አትርሺ

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለሚሰማው ነው። ታወር፣ ማለትም የበረራ መቆጣጠሪያው ማማ፣ የሚሰማው ግን ማይክሽን ነው።

እኔ የመጀመሪያዎቹ በረራዎቼ ላይ ከታወር «ሴይ አጌን» (ድገም) ሲመጣ እንግሊዝኛዬ ነው ብዬ አፍር ነበር። ሦስቴ ደገምኩ። አራተኛው ላይ አስተማሪዬ እጁን ሰዶ ማይኬን በጣቱ ግማሽ ዙር አዞረው። አንድ ቃል አልተናገረም። ማይኳ ላይ ወደ አፍ የምትዞር ነጭ ነጥብ ነበረች። እኔ ወደ መስታወቱ አዙሬያት ንፋሱን ሳናግር ነበር። እንግሊዝኛዬ በዚያች ቅጽበት ተሻሻለ።

ስለዚህ የማይኩ ክንድ ባስቀመጥሽበት የሚቆም ይሁን። ላላ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ተዪው። ከንፈርሽን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው፣ ከአፍሽ ጥግ በኩል ይሁን። ድምፅ ቀናሽ ማይክ ከሩቅ የሚመጣውን ሁሉ ጩኸት ነው ብሎ ይጥለዋል፤ ካራቅሽው አንቺንም ይጥልሻል። ስፖንጁን አትጣይው፤ «ፐ» ባልሽ ቁጥር ከሚፈነዳ ድምፅ ያድናል።

ዋጋና ጥገና

ቦዝ 5 ዓመት፣ ላይትስፒድ ዙሉ 7 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ። ጥሩ ነው። ግን ዋስትና ማለት ዕቃው እዚያ ደርሶ መመለስ ነው። የፖስታውን፣ የመንገደኛውንና የጉምሩኩን ጣጣ አብረሽ አስቢ። በየቀኑ በሥራ የሚበር ሰው፣ በዓመት ብዙ መቶ ሰዓት ኮክፒት ውስጥ የሚውል፣ ያለ ጥርጥር ኤኤንአር ይግዛ። ድካሙ ብቻ እንኳ ዋጋውን ይከፍላል፤ ከሦስት ሰዓት በረራ በኋላ ወርዶ ከሰው ጋር ማውራት መቻል ቀላል ነገር አይደለም። ግን አሮጌ ፓሲቭ መጠባበቂያ አድርጎ ይያዝ። ቱሪስት ይዞ ጣናንና ጢስ ዓባይን የሚያሳይም ለኋላ መቀመጫ ርካሽ ፓሲቮች ይበቁታል፤ የልጆች መጠን አንድ ቢኖር ደግሞ ጥሩ ነው።

ተማሪ ከሆንሽ ግን በሳምንት ጥቂት ሰዓት ነው የምትበሪው። ይጣላል፣ ይረገጣል፣ መቀመጫ ሐዲድ ውስጥ ገመዱ ይገባል። ያገለገለ ግን ደህና ፓሲቭ ግዢ። ያገለገለ ስትገዢ ትራሱን በጣትሽ ጫኚው፤ ቀስ ብሎ ካልተመለሰ ደርቋል። ያ አያስፈራሽ፣ ይቀየራል። ገመዱን ሶኬቱ ሥር እያጠፍሽ አዳምጪ፤ ከተንኮሻኮሸ ገመዱ ሊሄድ ነው። ያን ዋጋ ላይ ቀንሺበት።

እንግዲህ የሆነውን ልንገራችሁ። ሥራውን ሊተው የተዘጋጀ አንድ አስተማሪ አረንጓዴውን ኤች10-13.4 ሊሸጥ ፈልጎ ነበር። ሁለታችንም ሄደን አየነው። ጽዋው ተፋፍቋል፣ ትራሱ እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰነጣጥቋል፣ ገመዱ ግን ጤነኛ ነው፤ ማይኩም ባስቀመጡት ይቆማል። ለአጎታችን ደውለን ሄድሴቱን ተወው፣ ጄል ትራስና የራስ ንጣፍ ብቻ ላክ አልነው። ቅር አለው፤ ትልቅ ስጦታ ሊሰጣት ነበር። በተረፈው ገንዘብ የበረራ ሰዓት ግዛላት አልኩት።

ትራሱ ሲደርስ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጠን ሞከርነው። ቀኝ ጆሮዋ ዘግቷል። ግራው ላይ ጽዋውን ስትጫነው ጩኸቱ ቀነሰ። ከጆሮዋ በላይ ያለው ጉንጉን ነው። በማግስቱ ጸጉር ቤት ሄደች። ጆሮዬ ዙሪያ ያለውን በጣም አቅጥነሽ፣ ቆዳ ላይ አስተኝተሽ ሥሪልኝ አለቻት።

«ለሰርግ ነው?» አለቻት ጸጉር ሠሪዋ።

«አይ፣ ለሄድሴት።»